«ፈተነው» እና «ማንንም አይፈትንም»፦ ስለ ፈተና የሚጋጩ የሚመስሉ ጥቅሶችን አስማምቶ ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

በጎጃም ጽዋ በሚጠጣበት ቤትም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ የሚያነቡ ምእመናን ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የፈተና ጉዳይ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 22 መጀመሪያ እግዚአብሔር አብርሃምን እንደ ፈተነው ይናገራል፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 13 ላይ «እግዚአብሔር በክፉ አይፈተንምና፤ እርሱ ራሱስ ማንንም አይፈትንም» ይላል። ጥያቄው ለክርክር ብቻ የሚነሣ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ልጇን ቀብራ የተቀመጠች እናት «እግዚአብሔር ለምን እንዲህ ፈተነኝ?» ብላ ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ በእነዚህ ጥቅሶች አረዳድ ላይ ስለሚመሠረት፣ ንባቡ ጊዜ ተሰጥቶት በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባዋል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዲማ፣ በደብረ ኤልያስ ወይም በዋሸራ ጉባኤ ቤት ዓመታት ተቀምጦ ከመምህር እግር ሥር ለመማር ዕድል ላላገኘ፣ ነገር ግን መጽሐፉን በቤቱ ገልጦ ለሚያነብ ምእመን ነው። የመምህሩን ወንበር አይተካም፤ አንባቢው ወደ መምህሩ ሲሄድ ያልተብላላ ጥያቄ ይዞ እንዳይሄድ ግን ይረዳዋል።

የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። 81ዱን መጻሕፍት የያዘ መጽሐፍ ቅዱስ ቢገኝ ይመረጣል፤ ከታች እንደሚታየው ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ብርሃን የሚሰጡት መጽሐፈ ኩፋሌና መጽሐፈ ሲራክ 66ቱን ብቻ በያዘው እትም ውስጥ አይገኙምና። ደብተርና እስክሪብቶ ይኑሩ፤ ከተቻለ ደግሞ አብሮ የሚያነብ አንድ ሰው ይገኝ። ብቻውን የሚያነብ ሰው የወደደውን ጥቅስ አጥብቆ ይዞ የከበደውን በዝምታ ማለፍ ይቀናዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ወንድም ወይም እኅት ግን «ይህንንስ ምን ልታደርገው ነው?» ብሎ ይመልሰዋል።

አንደኛ፦ ጥቅሶቹን ከገጹ ላይ ሙሉ በሙሉ መገልበጥ

ደብተሩን ገልጠው በቀኝና በግራ ባሉት ሁለት ገጾች ላይ የሚጋጩ የመሰሉዎትን ጥቅሶች ፊት ለፊት ይጻፉ። ከትዝታ አይጻፉ። የያዕቆብን ቃል ብዙ ሰው «እግዚአብሔር አይፈትንም» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ቁጥሩ ግን የሚጀምረው «ማንም ሲፈተን፦ በእግዚአብሔር እፈተናለሁ አይበል» በማለት ነው። ይህ መነሻ ሲቀር ሐዋርያው ለማን እየመለሰ እንደ ሆነ ይጠፋል። ሐዋርያው የሚገሥጸው ኃጢአት ሊሠራ እያዘነበለ ወይም ሠርቶ ሳለ ጥፋቱን በፈጣሪው ላይ የሚያላክክን ሰው ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 15 የሚቃወመው ይህንኑ ሰበብ ነው፤ የወደቅሁት በእግዚአብሔር ምክንያት ነው፣ ያሳተኝ እርሱ ነው የሚለውን ሰው ዝም ያሰኘዋል፤ ሰው ምርጫው በእጁ እንደ ተሰጠው፣ እሳትና ውኃ በፊቱ እንደ ቀረቡለትና እጁን ወደ ወደደው እንደሚዘረጋ ያስተምራል።

ሁለተኛ፦ ከጥቅሱ በላይና በታች ያለውን ማንበብ

አንድን ቁጥር ከሌላ መጽሐፍ ቁጥር ጋር ከማጋጨት በፊት ያ ቁጥር በራሱ ምዕራፍ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል። ያዕቆብ በቁጥር 2 ላይ ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት ይላል፤ በቁጥር 12 በፈተና የሚጸናውን ሰው የተባረከ ይለዋል፤ ወዲያው በቁጥር 13 ማንም በእግዚአብሔር እፈተናለሁ እንዳይል ይከለክላል። ከቁጥር 12 እስከ ቁጥር 13 ያለው አንድ እርምጃ ነው። ሐዋርያው በአንድ ትንፋሽ ራሱን የሚቃረን ሰው ካልሆነ በቀር፣ የሚያስደስተው ፈተናና ከእግዚአብሔር ያልሆነው ፈተና ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ምዕራፉ ራሱ እየነገረን ነው።

ከዚህም በላይ ጥቂት ገጽ ይግለጡ። በምዕራፍ 2 ከቁጥር 21 ጀምሮ ያዕቆብ ስለ ሥራና ስለ እምነት ሲያስተምር ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርበው አብርሃም ልጁን ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ማቅረቡን ነው። እንግዲያስ «ማንንም አይፈትንም» ብሎ የጻፈው ሰው ዘፍጥረት 22ን አሳምሮ የሚያውቅ፣ የሚያከብርና የሚጠቅስ ሰው ነው። በእኔ እምነት ከጥያቄው ግማሹ እዚህ ላይ ይፈታል፤ ብዙዎቻችን ግን ምዕራፍ 2 ሳንደርስ መጽሐፉን እንዘጋለን።

ሦስተኛ፦ በእያንዳንዱ ጥቅስ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ

በደብተሩ ገጽ ላይ በእያንዳንዱ ጥቅስ ሥር ሦስት መስመሮችን ይተው። በመጀመሪያው መስመር ፈታኙ ማን እንደ ሆነ፣ በሁለተኛው ፈተናው ሰውየውን ወዴት ለማድረስ እንደ ታሰበ፣ በሦስተኛው ደግሞ የተፈታኙ ድርሻ ምን እንደ ነበረ ይጻፉ። የአማርኛው መጽሐፍ ለሁሉም «ፈተና» ስለሚል ልዩነቱን የሚያሳየው ቃሉ ሳይሆን በተለይ ሁለተኛው መስመር ነው።

በዘፍጥረት 22 ገጽ ላይ እንዲህ ይወጣል። ፈታኙ እግዚአብሔር ነው። መድረሻው ደግሞ ከታሪኩ መጨረሻ ይታወቃል፤ ቢላዋው ተከለከለ፣ በጉ በዱር ውስጥ በቀንዶቹ ተይዞ ተገኘ፣ ልጁ በሕይወት ተመለሰ፣ በረከቱም በመሐላ ጸና። የአብርሃም ድርሻ ማልዶ መነሣትና መታዘዝ ነበር። በያዕቆብ 1 ገጽ ላይ ግን ፈታኙ የሰውየው የራሱ ምኞት ነው፤ ቁጥር 14 እያንዳንዱ በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል እንደሚፈተን ይናገራል። መድረሻውም በቁጥር 15 ተጽፏል፤ ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች፣ ኃጢአትም ካደገች በኋላ ሞትን ትወልዳለች። አንዱ ፈተና በሕይወትና በበረከት ሲፈጸም ሌላው በሞት ይፈጸማል።

በእርሻ የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ገበሬ ወይፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠምድ ከለመደ በሬ ጋር አጣምሮ፣ ሥሩ በለሰለሰ መሬት ላይ፣ በአጭር ትልም ያለማምደዋል፤ ቀንበሩ ለወይፈኑ በእርግጥ ከባድ ነው፣ የገበሬው ሐሳብ ግን በሬ እንዲሆን ነው። ያንኑ ወይፈን ሊጎዳው የፈለገ ሰው ደግሞ ቀንበር ጭኖ ገደል አፋፍ ላይ ሊነዳው ይችላል። ሁለቱም «ጠመደው» ይባላል።

ስለዚህ በሁለቱ ገጾች ግርጌ የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር ይህ ይሆናል፦ እግዚአብሔር ሰውን ለማጽናትና እምነቱን ለመግለጥ ይፈትናል፤ ለማሳትና ለማጥፋት ግን ማንንም አይፈትንም። ዘዳግም 8 ቁጥር 16 የምድረ በዳውን መከራ ሲያስታውስ የፈተናውን ዓላማ በመጨረሻ መልካም ሊያደርግልህ ብሎ ይናገረዋልና ዐረፍተ ነገሩ ከኪስ የወጣ አይደለም። የጻፉት ማስታረቂያ ከሁለቱ ጥቅሶች አንዱን የሚሰርዝ ሆኖ ካገኙት ገና አልታረቀም ማለት ነው፤ እንደገና ይጀምሩ።

አራተኛ፦ ሦስተኛ ምስክር መፈለግ

ኦሪት በሁለትና በሦስት ምስክር ነገር ይጸናል እንደሚለው፣ ሁለት ጥቅሶች ሲፋጠጡ ሦስተኛ መጽሐፍ መጥራት ይገባል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ አንባቢ ሌላው ዓለም ያላገኘው ሀብት አለው። መጽሐፈ ኩፋሌ በሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ በውስጡም የአብርሃም ፈተና ከዘፍጥረት በሰፋ ሁኔታ ተተርኳል። በኩፋሌ ትረካ መሠረት አብርሃም በመከራው ሁሉ የታመነ መሆኑ በሰማይ ይነገር ነበር። በዚያን ጊዜ የክፉዎች መናፍስት አለቃ መስቴማ ቀርቦ አብርሃም ልጁን ይስሐቅን አብልጦ ይወድዳልና እንዲሠዋው እዘዘው፣ ያን ጊዜ ታማኝነቱን ታያለህ ብሎ ተናገረ። ኩፋሌ በዚህ ላይ እግዚአብሔር አብርሃም ታማኝ መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ እንደ ነበር ይጨምራል፤ ከአገሩ በመውጣት፣ በረሃብ፣ በነገሥታት ሀብት፣ ሚስቱ በተወሰደችበት ጊዜ፣ በግዝረት፣ በአጋርና በእስማኤል ስንብት ቀድሞ ተፈትኖ ነበርና። በታሪኩ ፍጻሜ የሚያፍረው መስቴማ ነው።

ይህን ገጽ በእርጋታ ያንብቡት፤ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ይፈታል። የመጀመሪያው የከሳሹና የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ የክፋቱ ሐሳብ ከመስቴማ ሲሆን ትእዛዙ፣ ልኩና ፍጻሜው ግን በእግዚአብሔር እጅ ነበሩ። ሁለተኛው በዘፍጥረት 22 ቁጥር 12 ያለው «አሁን አውቄአለሁ» የሚለው ቃል ነው፤ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ አሁን እንዴት ያውቃል ተብሎ ይጠየቃል። ኩፋሌ እግዚአብሔር የአብርሃምን ታማኝነት ለሁሉ እንዳሳወቀ ይናገራል። በሌላ አነጋገር ፈተናው ያመጣው ዕውቀት ለተመልካቾቹ፣ ለከሳሹም ጭምር ነው።

ተመሳሳዩን አካሄድ መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 1 እና 2 ያሳያል። ሰይጣን ይለምናል፣ እግዚአብሔር ወሰን ያበጅለታል፤ መጀመሪያ በሰውየው ላይ እጁን እንዳይዘረጋ፣ ቀጥሎም ነፍሱን እንዳይነካ። ጌታም በሉቃስ 22 ቁጥር 31 እና 32 ለስምዖን ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ፣ እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ ይለዋል። ሰይጣን ሳይለምን የማይነካ መሆኑን ሦስቱም መጻሕፍት በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የዳዊት ሕዝብ ቈጠራ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። 2ኛ ሳሙኤል 24 ቁጥር 1 የእግዚአብሔር ቍጣ በእስራኤል ላይ ነድዶ ዳዊትን እንዲቈጥር እንዳስነሣው ይናገራል፤ 1ኛ ዜና መዋዕል 21 ቁጥር 1 ደግሞ በእስራኤል ላይ ተነሥቶ ዳዊትን ያንቀሳቀሰው ሰይጣን እንደ ሆነ ይጽፋል። ከኩፋሌና ከኢዮብ በኋላ ሲነበቡ ሁለቱ ጸሐፊዎች የአንድን ነገር ሁለት ደረጃ እንደሚያሳዩ ይገባል። የሳሙኤል ጸሐፊ የሚያየው በሕዝቡ ላይ የወረደውን ፍርድና የእግዚአብሔርን መፍቀድ ነው፤ የዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚያየው የገፋፋውን እጅ ነው። ነገር ግን ሦስተኛውን መስመር፣ የዳዊትን ድርሻ፣ ሳይሞሉ አይለፉ። የሠራዊቱ አለቃ ኢዮአብ ንጉሡን ለምን ይህን ትወድዳለህ ብሎ ተቃውሞት ነበር፤ የንጉሡ ቃል አሸነፈ። ቈጠራው የፈጀው 9 ወር ከ20 ቀን ነው፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ሐሳብን ለመመለስ ይበቃ ነበር። በመጨረሻም ዳዊት በዚህ ነገር እጅግ በድያለሁ አለ እንጂ ገፋፍተኸኝ ነው አላለም፤ ያዕቆብ 1 ቁጥር 13ን ገና ሳይጻፍ ፈጽሞታል።

በእነዚሁ ሁለት ምዕራፎች መካከል የተቈጠሩት ሰዎች ብዛትና ዳዊት ከኦርና ለገዛው አውድማ የተከፈለው ዋጋም ይለያያል። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሌላ ገጽ ይጻፉት። ሁለት ክርክር በአንድ ገጽ ላይ የቀላቀለ ሰው አንዱንም አይጨርስም።

አምስተኛ፦ ስለ ጌታ መፈተን

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመው የ40 ቀን ጾም ይታሰባልና ይህ ጥያቄ በጾሙ ወራት ይበረታል። ያዕቆብ እግዚአብሔር በክፉ አይፈተንም ሲል፣ ዕብራውያን 4 ቁጥር 15 ደግሞ ሊቀ ካህናታችን ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ ነው ይላል። ሦስቱን ጥያቄዎች እንደ ገና ይጠይቁ። ፈታኙ ከውጭ የመጣው ዲያብሎስ ነው። ያዕቆብ የሚናገርለት ከውስጥ የሚስብና የሚያታልል ምኞት በጌታ አልነበረም፤ «ከኃጢአት በቀር» የሚለው ሐረግ ይህንን ይዘጋዋል። የተራበውም ቃል በተዋሐደው ሥጋ ነው፤ መለኮት በባሕርዩ አይራብም፣ በክፉም አይሳብም፣ ሥጋን ገንዘቡ ስላደረገ ግን ረሃቡ የእርሱ ረሃብ፣ ድሉም የእርሱ ድል ነው። ሰውየው ተፈተነ አምላኩ ግን አልተፈተነም ብሎ አንዱን ክርስቶስ ለሁለት መክፈል ጥያቄውን የፈታ ቢመስልም ተዋሕዶን ያፈርሳል፤ ከዚህ አጥብቀው ይጠንቀቁ።

ማቴዎስ 4 ቁጥር 1ም ከዲያብሎስ ይፈተን ዘንድ መንፈስ ወደ ምድረ በዳ ወሰደው ይላል። ወሳጁ መንፈስ ቅዱስ፣ ፈታኙ ዲያብሎስ፤ በሳሙኤልና በዜና መዋዕል ተለያይተው ያየናቸው ሁለቱ ደረጃዎች እዚህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፈዋል። ማቴዎስ የቤተ መቅደሱን ፈተና ሁለተኛ፣ ሉቃስ ደግሞ ሦስተኛ አድርገው መጻፋቸው የትረካ ቅደም ተከተል ጉዳይ ነውና ብዙ ሊያስጨንቅ አይገባም።

ስድስተኛ፦ የጸሎቱንና የልኩን ጥያቄ መመለስ

ፈተና እንደ ሙሉ ደስታ የሚቈጠር ከሆነ በየዕለቱ አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን ብለን የምንጸልየው ለምንድን ነው? በጌቴሴማኒ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ወደ ፈተና እንዳትገቡ ትጉና ጸልዩ ብሏቸዋል፤ ያን ሌሊት ግን ፈተናው ለማንም አልቀረለትም። ስለዚህ የሚለመነው በፈተናው ተውጠን እንዳንቀር፣ ከክፉው እንድንድን ነው፤ የጸሎቱ ሁለተኛ ክፍልም ይህንኑ ይናገራል። ደካማነቱን የሚያውቅ ሰው ፈተናን ፈልጎ አይሄድም፤ ሲመጣ ግን ይጸናል። ያዕቆብም «ሲደርስባችሁ» አለ እንጂ ፈልጉት አላለም።

የልኩ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ስስ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ቁጥር 13 እግዚአብሔር ከሚቻላችሁ መጠን ይልቅ ትፈተኑ ዘንድ አይፈቅድም፣ መውጫውንም ያደርግላችኋል ይላል፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1 ቁጥር 8 ደግሞ በእስያ የደረሰብን መከራ ከዓቅማችን በላይ ሆኖ ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ ቈረጥን ይላል። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው፣ የተጻፉትም ለአንድ ማኅበር ነው። የመጀመሪያው የሚናገረው ወደ ኃጢአትና ወደ ጣዖት ስለሚስብ ፈተና ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከጣዖት አምልኮ ሽሹ ይላልና። ማንም ለመበደል አይገደድም፣ ሁልጊዜ መውጫ አለ፤ ለዳዊት የኢዮአብ ተግሣጽ መውጫው ነበር። ሁለተኛው የሚናገረው ሰውነትን ስለሚያደቅቅ መከራ ነው፤ ይህስ በእርግጥ ከሰው ዓቅም በላይ ሊሆን ይችላል፣ ጳውሎስም ሙታንን በሚያስነሣ በእግዚአብሔር እንጂ በራሳችን እንዳንታመን ነው ብሎ ምክንያቱን ይነግረናል።

ይህ ልዩነት በለቅሶ ቤት ትልቅ ዋጋ አለው። ሐዘንተኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በመደቡ ጥግ ተቀምጣ፣ ለማጽናናት የመጣ ሰው ሁሉ «አይዞሽ እቴ፣ እግዚአብሔር ከዓቅም በላይ አይሰጥም» እያለ ያልፋል። እርሷ ግን ከዓቅሟ በላይ እንደ ሆነ በሰውነቷ ታውቃለች፤ ቃሉ አያጽናናትም፣ ይልቁንም እምነቷ የጎደለ ያስመስልባታል። ጥቅሱ የተጻፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። ለእርሷ የሚነበበው 2ኛ ቆሮንቶስ 1 ነው፤ ሐዋርያው ራሱ ተስፋ እስከ መቍረጥ እንደ ደረሰ የሚናገረውን ድምፅ ትስማ። የልጇ ሞት ፈተና ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፍርድ ደግሞ ለእርሷ እንወስንላት ዘንድ ሥልጣን አልተሰጠንም።

«ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» የሚለውና በሚልክያስ 3 ቁጥር 10 ያለው «ፈትኑኝ» በአጭሩ የሚታዩ ናቸው። በምድረ በዳ ማሳ በተባለው ስፍራ የእስራኤል ሕዝብ እግዚአብሔር በመካከላችን ነው ወይስ አይደለም ብሎ በማጉረምረም ፈተነው፤ በሚልክያስ ግን ራሱ በተስፋ ቃሉ ታምነው አሥራቱን እንዲያገቡ ይጋብዛቸዋል። አንዱ ከጥርጣሬ፣ ሌላው ከመታዘዝ የሚነሣ ነው።

ሰባተኛ፦ ያልተፈታውን ይዞ ወደ መምህር መሄድ

በዚህ አካሄድ የማይፈቱ ጥቅሶች ይቀራሉ። 1ኛ ነገሥት 22 ላይ በአክዓብ ነቢያት አፍ ሐሰተኛ መንፈስ ለመሆን የተላከው መንፈስ አንዱ ነው፤ 2ኛ ተሰሎንቄ 2 ቁጥር 11 ላይ የተጻፈው የስሕተት አሠራር ሌላው ነው። እንዲህ ያሉትን በግድ ለማስማማት አይሞክሩ። በአዲስ ገጽ ላይ ጥቅሱን፣ ሦስቱን ጥያቄዎችና እስከ የት እንደ ደረሱ ጽፈው፣ ትርጓሜ መጻሕፍት ወደሚያስተምሩ መምህር ይሂዱ። የኔታ ጉባኤ ዘርግተው ሳለ አያቋርጧቸው፤ ተማሪው ዘልቆ ሲነሣ ቀርበው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ ይጠይቁ። በአንድምታው ሥርዓት አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በሁለትና በሦስት መንገድ ሊተረጕሙልዎት ይችላሉ። የትኛው ነው ትክክሉ ብለው ለማሳጠር አይቸኵሉ፤ እያንዳንዱን በተነገረበት ተራ፣ ከጠቀሱለት ማስረጃ ጋር፣ በጥቅሱ ሥር ይጻፉት።